ልጄ የምትተኛበትን ክፍል የመረጥኩት እኔ ነኝ

የሆቴል መኝታ ክፍል አጽጂ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አልጋ አንጥፌአለሁ፤ በቀን አሥራ አራት ክፍል፣ እንግዳ ሲበዛ አሥራ ስምንት። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። አንድ ክፍል ገብቼ አንሶላውን ካየሁ፣ ያደረበት ሰው ተኝቶ ይሁን ሲገላበጥ አንግቶ እነግራችኋለሁ። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል። ጉራ የሚሆነው የማይችሉትን ሲያወሩ ነው።

ሴት ልጄ ደግሞ የማራቶን ሯጭ ናት። ሰፈሩ «ሽቦ» ይላታል፤ ቀጭን ናት፣ ግን አትበጠስም። ባለፈው ዓመት ክለቧ ውጭ አገር ልኳት ነበር። ያሳረፏት ሆቴል ከሥሩ ጭፈራ ቤት አለው። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ውድድሩ ደረሰና፣ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሯ አልታዘዝም አላት። በሁለት ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ገባች። ሰው ሁሉ «በቃ፣ አቅሟ እዚህ ድረስ ነው» አለ። እኔ ግን ስትመለስ ዓይኗን አይቼ አውቄዋለሁ። ልጄን ያሸነፋት ሯጭ አይደለም፣ አልጋ ነው።

አሰልጣኟ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ፊት ለፊት ተናጋሪ ነው። «አንድ ዕድል አለሽ» አላት። «ዘንድሮ ከሁለት ሰዓት ከአርባ በታች ከገባሽ የቡድኑ ቋሚ ሯጭ ትሆኛለሽ። ካልገባሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ።» ልጄ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ገና ሳይነጋ ተነስታ ስትሮጥ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ማታ እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች።

የዘንድሮው ውድድርም ውጭ አገር ነው፤ አዘጋጆቹ ለሯጭና ለአንድ አብሮ ተጓዥ ማረፊያ ይሰጣሉ። አሰልጣኙ በዚያው ሳምንት ከታዋቂዎቹ ሯጮች ጋር ወደ ሌላ አገር ስለሚሄድ፣ «እናትሽን ይዘሽ ሂጂ» አላት። ሦስት ማረፊያ ላኩና አንዱን ምረጡ ተባልን። የክለቡ ጸሐፊ ቢሮ ሄድን። ጸሐፊው ክራባቱን ጠበቅ አድርጎ፣ የትልቁን ሆቴል ፎቶ ወረቀት ላይ አትሞ ጠበቀን።

«ይሄ ነው» አለ። «አሥራ ሁለት ፎቅ! መዋኛ ገንዳ! የመጨረሻው መስመር ደግሞ በሩ ላይ ነው። እንደገባች አልጋዋ ላይ ትወድቃለች።»

«ከገባች በኋላማ የትም ብትወድቅ ግድ የለኝም» አልኩት። «ከመነሳቷ በፊት የት እንደምትተኛ ነው የምጠይቀው።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አራት ኮከብ ነው።»

«ኮከቡን ቆጥራ አትተኛም። እስቲ ፎቶውን አምጣው።»

መነጽሬን አደረግኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የሆቴል ፎቶ ደግሞ የሚነሳው ያልጠረጠረ ሰው እንዲያየው ነው። መጋረጃው ስስ ነው፤ የመንገዱ መብራት ገብቶ አብሯት ይተኛል። የወለሉ ምንጣፍ ከቦታው ወደ በሩ ገፋ ብሎ ተነጥፏል፤ ሥሩ የተደበቀውን እድፍ እኔ ነኝ የማውቀው። አሥራ ሁለት ፎቅ ሲሆን ደግሞ ሊፍቱ ሁለት ብቻ ነው። በውድድሩ ጠዋት ሦስት መቶ ሯጭ ሁለት ሊፍት ፊት ሲሰለፍ ታየኝ።

ሁለተኛው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበር፤ አላየሁትም።

ሦስተኛው አሥራ አራት ክፍል ብቻ ያለው አሮጌ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ፎቶው የደበዘዘ፣ የሚያጓጓ ነገር የለውም። ግን አልጋውን ሳይ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። የአንሶላው ጥግ ተጎትቶ፣ ታጥፎ፣ ፍራሹ ሥር ገብቷል፤ መጨማደድ የሚባል ነገር የለም። እንደዚህ የሚያነጥፍ ሰው በእጅ ጣት የሚቆጠር ነው።

«ይሄን አልጋ ያነጠፈ ሰው አይዋሽም» አልኩ።

ጸሐፊው ሳቀ። «እትዬ፣ ከመነሻው ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል እኮ!»

«አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ልጅ ሁለቱ ያቅታታል?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የሆቴሉን ወረቀት ይዞ ተከራከረኝ። ልጄ መሃል ገባች። «ጋሼ፣ እማ የመረጠችው ይሁን» አለች። «አምና እርስዎ የመረጡት ጋ አላደርኩም?» ጸሐፊው ክራባቱን ፈታ አደረገና ወረቀቱን አጠፈ።

እኔ ግን አልጨረስኩም። ትክክለኛው ቤት ውስጥም የተሳሳተ ክፍል አለ። የአገሩን ቋንቋ አልችልም፤ ልጄ ግን ከጉዞዋ የለቀመችው አላት። ስልክ አስደወልኳት። እንግዳ ተቀባዩ አነሳ፤ «የትኛው ክፍል ጸጥ ይላል?» ብላ ልትጠይቀው ስትል እጇን ያዝኩት።

«እሱን አትጠይቂ። እሱ ሁሉም ጸጥ ይላል ነው የሚልሽ። አልጋ የምታነጥፈውን ጥሪልኝ በይው።»

ሰውየው ግራ ገባው መሰለኝ፤ ሁለት ጊዜ አስደገማት። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የሚያለከልክ የሴት ድምፅ መጣ። ደረጃ ወጥታ ነው፤ አውቀዋለሁ ያንን ትንፋሽ። እኔም የሆቴል አጽጂ መሆኔን አስነገርኩ። ወዲያው ድምፅዋ ተለወጠ፣ ፈታ አለ። ሦስት ነገር ጠየቅኳት። ጋሪሽን የት ታቆሚያለሽ? ሥራ ስንት ሰዓት ትጀምሪያለሽ? እንግዳው ጠዋት ፊቱን አጨማዶ የማይወጣበት ክፍል የትኛው ነው?

ልጄ እየሰማች ተረጎመችልኝ። «ከፊት ያሉትን አትውሰዱ ትላለች፤ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና በማለዳ ይመጣል። ሰባት ቁጥር የጋሪዋ ማስቀመጫ ጎን ነው። አሥራ አንድ ቁጥር ከኋላ ነው፤ መስኮቱ ባዶ ግቢ ነው የሚያየው። ግን ሙቅ ውሃው ቶሎ አይመጣም፤ ከፍታችሁ ጠብቁ።»

ሙቅ ውሃው ይዘገያል ስትለኝ ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኳት። የቤቱን ጉድለት ሳይጠይቋት የምትናገር ሴት ምን ትደብቃለች? አሥራ አንድ ቁጥርን ያዝን።

ከውድድሩ አራት ቀን ቀድመን ደረስን። ሴትየዋ እኔን የምታክል፣ አጠር ያለች፣ ቁልፉን ወገቧ ላይ ያንጠለጠለች ናት። ቃል ሳንለዋወጥ ተቃቀፍን። ከዚያ ክፍሉን አሳየችን፤ አልጋውን በመዳፌ ጫን አድርጌ አየሁት፣ መጋረጃውን ዘጋሁት፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ምንም የለም። ልጄ ሳቀችብኝ። የመጀመሪያውን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛች። ሁለተኛውን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ጠዋት ስትነሳ ትራሷ ላይ ያለው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ አልተገላበጠችም ማለት ነው። ያን ትራስ ፎቶ አንስቼ ለጸሐፊው ልልክለት ፈልጌ ልጄ ከለከለችኝ።

አሁን ጉዴን ልናገር። ኩራቴን ብቻ አውርቼ ይሄን ብደብቅ ውሸታም እሆናለሁ።

የውድድሩ ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ልጄ ሙቅ ውሃውን ከፍታ ጠበቀችና ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ማሊያዋን፣ የመሮጫ ቁጥሩ በአራት መርፌ ቁልፍ የተያዘበትን፣ ሰዓቷን የሚመዘግበው ቺፕም ከቁጥሩ ጀርባ የተለጠፈበትን፣ አልጋዋ ላይ ዘርግታው ነበር። እኔ እንደሆነ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያቺን ደግ ሴት ልርዳት ብዬ ተነሳሁ። እጄ ሃያ ሁለት ዓመት የለመደውን ያውቃል፤ አራቱን ጥግ ነቀለ፣ ጠቀለለ፣ የትራሱን ልብስ ገፈፈ፣ ኮሪደር ያለው ከረጢት ውስጥ ከተተ። ተመልሼ ራቁቱን የቀረውን ፍራሽ እያየሁ፣ «አቤት ቅልጥፍና!» ብዬ ራሴን አደነቅኩ።

ልጄ ፎጣ ለብሳ ወጣች። «እማ፣ ማሊያዬስ?»

ኮሪደር ወጣሁ፤ ከረጢቱ የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን የምለቅምበት ቦታ እንኳ አላውቅም ነበር። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም፤ ያኔ ማን ሯጭ እንደሆነ ብትጠይቁኝ እኔ ነበርኩ። ምድር ቤት የልብስ ማጠቢያውን ክፍል በድምፁ አገኘሁት። ማሽኑ እየተሽከረከረ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ነጭ ነገር ከአረፋ ጋር ሲገለባበጥ አየሁ። የሰባት ዓመት ሩጫ በገዛ እጄ ሳሙና ገባ አልኩ።

ሴትየዋ ዞር አለች። ፊቴን አየች። ወደ ጠረጴዛው ጠቆመችኝ። ማሊያው ታጥፎ ተቀምጧል፣ ቁጥሩ ወደ ላይ፣ አራቱም መርፌ ቁልፍ በቦታው። እጇን አንስታ አንሶላ ማራገፍ አሳየችኝ። ሳታራግፍ ማሽን ውስጥ አትጨምርም! ይህን ሕግ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት የረሳሁትም እኔ። ትከሻዋን ሳምኩት። እሷም በመጀመሪያ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው፤ ከዚያ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ልጄ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ገባሁ። ራቁት ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን እያሰረች ነው። ቀና ብላ አየችኝና፣ «እማ፣ ውድድሩ ያንቺ ነው የኔ?» አለች። አምና ቢሆን ኖሮ እንባዋ ይቀድማት ነበር። በሚገባ የተኛ ሰው እንዲህ ነው።

ወደ መነሻው በእግራችን ሄድን፤ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ሰውነቷን አሟሟቀችበት። ከዚያ እኔ መጨረሻው መስመር ጋ ሄጄ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ትልቁ ሰዓት ፊት ለፊቴ ነው። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሲል በእግር ጣቴ ጫፍ ቆምኩ። ሠላሳ ሰባት ሲል መታጠፊያው ላይ ቀጭን ትከሻ አየሁ። ትከሻዋ አልወደቀም፣ እግሯ አልከበደም፤ እንዲያውም ከፊቷ ያለችውን አልፋ መጣች። «ሽቦዬ! የኔ ሽቦ!» ብዬ ጮህኩ፤ አጠገቤ ያሉት የማላውቃቸው ሰዎችም ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁ «ሽቦ! ሽቦ!» አሉ። በሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ ገባች፤ ሰባተኛ። አንገቴን አቅፋ፣ «እማ፣ ሠላሳኛው ላይ ምንም አልተሰማኝም» አለችኝ። ኮራሁ። በልጄ ኮራሁ፣ በራሴም ኮራሁ። ለምን እደብቃለሁ?

ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ገብተን፣ ትንሽ ቀማምሳ፣ አዲስ የተነጠፈው አልጋ ላይ ተዘርራ ተኛች። እኔ ወንበር ወስጄ ኮሪደሩ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስልኳ እጄ ላይ ነው። ጠራ። አሰልጣኙ ነው።

«እንኳን ደስ አለዎት እትዬ! ይቀስቅሷት፣ የክለቡ ሊቀመንበር ራሳቸው መስመር ላይ ናቸው!»

«ተኝታለች።»

«እትዬ፣ የቋሚነቱ ጉዳይ እኮ ነው! አንድ ደቂቃ ብቻ!»

«ገብቶኛል። ተኝታለች አልኩህ።»

ስልኩን ሊቀመንበሩ ተቀበሉት። ድምፃቸው ከባድ ነው፤ ሰው ጠብቅ ብሏቸው የሚያውቅ አይመስልም። «እመቤት፣ ልጅዎ የቡድኑ ቋሚ ሯጭ ሆናለች። በራሴ አፍ ልነግራት ፈልጌ ነው።»

እንባዬ መጣ። ሰባት ዓመት የጠበቅነው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ከበሩ ማዶ ደግሞ የልጄ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ እኩል፣ ዘገም ያለ። እጄን በሩ እጀታ ላይ አድርጌ ነበር። አነሳሁት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። «ደስታውን ከርስዎ አፍ ትስማው፤ እኔም አልነግራትም። ግን ስትነቃ ይደውሉላት።»

ሳቁ። «ስንት ሰዓት ትነቃለች?»

«እሱን እኔም አላውቅም» አልኳቸውና ስልኩን ድምፅ አልባ አደረግኩት።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው በር ሳንኳኳ ኖሬ፣ ያን ዕለት ማንም እንዳያንኳኳ በር ላይ ተቀመጥኩ። እንግዳ ተቀባዩ አበባ ይዞ መጣ፤ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ መለስኩት። ሴትየዋ ጋሪዋን ከደረጃው ጋ አቁማ፣ ጫማዋን አውልቃ በካልሲዋ አለፈች። ልጄ ለሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ተኛች።