መቶ አርባ ሦስተኛው ንቀላ

ገመድ በመንቀል የሚስተካከለኝ ሰው የለም። ይህን ስል እየጎረርኩ አይደለም፣ እውነቱን ነው። ዓይኔ መብራቱ ላይ፣ እጄ ሶኬቱ ላይ ነው፤ ሰከንድ አላሳልፍም። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ካቋረጥኩ ወዲህ እናቴ «ይህች ልጅ ምን ሊውጣት ነው» ስትል ከርማለች። ይኸውና፣ ስንትና ስንት ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባ ሥራ አሁን በእኔ እጅ ያልፋል።

በእርግጥ ሥራው የአክስቴ ነው። እታለም ነው የምላት። ፋይል ሲስተም የሚባለውን ነገር ትጠብቃለች። ኮምፒውተር ስትከፍቱ ከምታዩት ሁሉ ሥር ከርነል የሚባል እምብርቱ አለ፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ የትኛው ፋይል ዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ኮድ አለ። ሰዎች ከየአገሩ «ይህን እናሻሽል» እያሉ ይልኩላታል። እሷ አይታ ካልፈረመች አይገባም። ሰው የሠርጉን ፎቶ አስቀምጦ በማግስቱ ሲያገኘው እታለምን አያመሰግንም፤ የሚጠፋ ቀን ግን ስሟን የማያነሳ የለም። እሷ ለዚህ ግድ የላትም። እኔ ነኝ በእሷ ፈንታ የምኮራው።

የእኔ ድርሻ አጭር ነው። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተነሳ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። አዲስ ጽሑፍ እየጻፈ አሮጌውን ፋይል በእሱ ይተካል። ዲስኩ ሲሠራ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ይርገበገባል። ያኔ ገመዱን ከግድግዳው መንጨቅ ነው። ከዚያ መልሼ እሰካና ፋይሉን እከፍታለሁ። አሮጌው ጽሑፍ ቢገኝ ደህና፣ አዲሱ ቢገኝም ደህና። ባዶ ከሆነ ግን ጉድ ፈላ። ተራ ቁጥሩን፣ መብራቱ እንዴት እንደነበረና ምን እንደተገኘ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን «በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ የለም እንዴ?» ብላት፣ «አለኝ። ግን በተነገረው ሰዓት ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ እንደ አንቺ አይቀብጥም» አለችኝ። እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ያን ሳምንት የመጣው ማሻሻያ የረጅሙ ነበር። ረጅሙን አይተነው አናውቅም፤ ደብዳቤው ስለሚረዝም እኔ ያወጣሁለት ስም ነው። ፋይል መጻፍን በእጥፍ አፈጥናለሁ ብሏል። ከዚህ ቀደም እታለም አንድ ሥራውን ስትመልስበት፣ ሁሉ በሚያነበው ቦታ «ያለ ማስረጃ የሰው ሥራ የምታዘገዪ ከሆነ ቦታውን ለሚችል ልቀቂ» ብሎ ጽፎባታል። ያን ቀን ሻይዋን ሳትነካው፣ እንደተቀዳ ነው ያፈሰስኩት። አሁን እስከ ዓርብ ቀትር ወይ መፈረም አለባት፣ ወይ ማስረጃ አቅርባ መከልከል። ያለ ማስረጃ ብትከለክለው ቦታዋን እንደሚያሳጣት ሁለታችንም እናውቃለን።

ማክሰኞ፣ መቶ አርባ ሦስተኛው ንቀላ ላይ፣ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

እታለም ወንበሯን ጎትታ መጣች። «መብራቱስ?»

ደብተሩን አሳየኋት። «ሲርገበገብ» ይላል።

ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ መብራቱ ሲርገበገብ ነቀልን። እኔ ነቀልኩ፣ እሷ ነቀለች። ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ። ሁሌ ደህና ነው። በመሃል ኮዱን መስመር በመስመር ታነባለች፤ ስታነብ ከንፈሯን ስለምትነክስ ሐሙስ ላይ ቆስሎ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «ዲስኩ አርጅቶ ይሆናል» አለች። «አንዴ ታየ፣ ዳግም አልታየም። በዚህ ብቻ ሰው አልከለክልም። ልፈርም ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ደብተሩ ላይ «ሲርገበገብ» የሚለውን እያየሁ አልነበረም የምጽፈው። ሁሌ ያው ነው ብዬ ጠዋት ገና ሥራ ሳልጀምር ገጹን ከላይ እስከ ታች ሞልቼ እቀመጣለሁ። መቶ አርባ ሦስተኛው ላይ ደግሞ የጎረቤታችን አዲስ ሶፋ ደረጃው ላይ ተቀርቅሮ፣ ሴትዮዋ ከላይ፣ ተሸካሚዎቹ ከታች ይሞላለጩ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ሊያመልጠኝ ነው? በሩን ከፍቼ አንገቴን አወጣሁ። በጎን ዓይኔ የዲስኩ መብራት ሲጠፋ ባየውም ትንሽ ቆይቼ ተመለስኩ። እንደ አዲስ ከመጀመር ብዬ ነቀልኩት።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። እታለም ግን መነጽሯን መልሳ አድርጋ መጻፍ ጀምራለች።

«እታለም፣ ቆዪ እስቲ።»

«ምን ሆንሽ?»

«መብራቱ ጠፍቶ ነበር። የማክሰኞው።»

«ደብተሩ ሲርገበገብ ነው የሚለው።»

«ደብተሩን ጠዋት ነው የሞላሁት።»

«የቀኑን ሁሉ?»

«የገጹን ሁሉ።»

እናቴ ብትሆን ይሄኔ ጫማ ተወርውሯል። እሷ ግን «ከጠፋ ስንት ቆይተሽ ነቀልሽ?» አለች።

«ሶፋው አንድ ደረጃ እስኪወጣ።»

«በሰው ቋንቋ ንገሪኝ።»

«አራት፣ አምስት ብትቆጥሪ ነው።»

ኮምፒውተሩን አስጀመረች። መብራቱ ተርገበገበ፣ ጠፋ። እስከ አራት ቆጠርኩና ነቀልኩ። ባዶ። ደገምን፣ ባዶ። ከአሥሩ ሰባቱ ባዶ። እታለም ሳቀች፤ ከማክሰኞ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው። ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። መብራቱ ጠፋ ማለት ሁሉ ተጽፎ አልቋል ማለት አይደለም። የረጅሙ ማሻሻያ የአዲሱን ፋይል ስም ዲስኩ ላይ ቀድሞ ያሰፍርና፣ ውስጡን ለጥቂት ሰከንድ ኃይል ሲቋረጥ ያለውን ሁሉ በሚረሳው ሜሞሪ ላይ ያቆየዋል። ፍጥነቱን ያገኘው ከዚያ ነው። በዚያች መሃል ኃይል ከተቋረጠ ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም፣ አሮጌውም ተሽሯል። መብራቱ ሲርገበገብ ስንነቅል ግን አዲሱ ስም ገና ስላልሰፈረ አሮጌው እንዳለ ይገኝ ነበር።

«አሮጌው ቤት ፈርሶ፣ ከአዲሱ የተሠራው በሩ ብቻ ነው በይኛ» አልኳት።

«እንደሱ ነው» አለችና እኔ ያልኩትን እንዳለ ለረጅሙ ጻፈችለት። ከእነ ማስረጃው።

ዓርብ ጠዋት መልስ መጣ። ረጅሙ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ። «ልክ ነሽ፣ ስህተቱ የእኔ ነው፤ አርሜ እልከዋለሁ» ይላል። እታለም ሦስቴ አነበበችው። ሦስተኛውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው።

በሳምንቱ የታረመው መጣና ፈረመች። ከሥራው ሥር ጉድለቱን ማን እንዳገኘው ይጻፋል፤ የሚፋቅ መዝገብ አይደለም። «ያገኘችው፦ ገመድ ነቃይዋ የእህቴ ልጅ» ብላ አሰፈረችው። በቃሌ እስክይዘው አነበብኩት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመቻችቼ፣

«እንግዲህ እኔ ባልኖር የስንቱ ሰው ፋይል ድራሹ ይጠፋ ነበር» አልኩ።

እታለም ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ «አንቺ ባትዋሺ ማክሰኞ እናገኘው ነበር» አለች።