የባሕሩ ልጅ ደብዳቤ

ማን ይናገር የነበረ! ደሴ ውስጥ የሥዕል ፊልም ወዳጆች ማኅበር ነበረ ብትሏቸው የዛሬ ልጆች ይስቁባችኋል። ይሳቁ። ከሪማ እንድሪስ ግን ነበረች፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። ዛሬም ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይበራል።

ነገሩ የተጀመረው በ1972 ነው። ደሴ ዙሪያ የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የከረመ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ፣ የፊልም ማሽንና ሦስት ጥቅል ፊልም ለወዳጁ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለገብረ ማርያም ትቶለት ሄደ። ፊልሙ ሰው የሚሠራበት አይደለም፣ በእጅ የተሣለ ነው። ሥዕል ሲሮጥ፣ ሥዕል ሲያለቅስ፣ ፀጉሩ በነፋስ ሲበተን! ከሪማ ያኔ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖር የትምህርት ቤት ታይፒስት ነበረች። አንድ እሑድ ከሰዓት መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ ክፍል ውስጥ አየችው፣ አለቀላት። ወላሂ፣ ለባል እንኳ እንደዚያ አልተሸነፈችም።

ችግሩ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ከሪማ ፊልሙ ከሚታይበት ከነጩ አቡጀዲ አጠገብ ቆማ ታሪኩን መናገር ጀመረች፤ በዚያው ሥራዋ ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያው ጥቅል አንድ ልጅ እናቱንና እኅቱን ተሰናብቶ በጀልባ ይሄዳል። በሁለተኛው ማዕበል ይነሳል፣ እኅቲቱ ውሃው ዳር ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ይጨልምና ነጭ ጽሕፈት ከታች ወደ ላይ ይወጣል። «ይሄ ደብዳቤው ነው» አለች ከሪማ፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እንዲህ ስትልም አነበበችው፦ «እናቴ ሆይ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ውሃው ቢያስቸግረኝም ተሻግሬያለሁ። በሩን አትዝጊ፣ እመጣለሁ።» በሦስተኛው ጥቅል ልጁ ከተራራ እየሮጠ ይወርዳል፣ እናቱ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። እልልታው ያኔ ነበር መስማት።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የየከተማው የፊልም ወዳጆች ማኅበራት ኮምቦልቻ፣ አንድ የሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ተሰባስበው በዓል ያደርጉ ነበር። እነከሪማ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው፣ ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው በነፃ ያገለግላሉ፤ ወንበር መደርደር፣ በር መጠበቅ፣ የጠፋ ሕፃን ማፈላለግ። ልብስ ሰፊዋ ሐዋ እኅቲቱ የምታስረውን ዓይነት ሰማያዊ ሻሽ ለሴቶቹ ሁሉ ሰፋች። የመጋዘን ጠባቂው በሺር ደግሞ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ የጥጥ ጢም ለጥፎ በፊልሙ ጀልባውን የሚቀዝፈውን ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል። አንድ ጊዜ አንድ የቀበሌ ጓድ ይሄ ምን ማለት ነው ብሎ ሲያፋጥጠው፣ ዓሣ አጥማጅ ወዛደር ነኝ ብሎት ዕርፍ። አይ ጊዜ!

አቡጀዲውን የምታጥበውና የምትተኩሰው አልጣሽ ነበረች፤ አንድ ልጇን ብቻ ይዛ የቀረች ሴት። ያ ልጅ፣ ቀለሙ፣ በ1976 ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ከ1979 ክረምት ወዲህ ግን ቆመ። ከዚያ በኋላ አልጣሽ ፊልሙን በር ላይ ቆማ ነበር የምታየው፤ ልጁ ከተራራው ሲወርድ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች።

በ1980 ግንቦት፣ በበዓሉ ቀን ጧት፣ ያ ጃፓናዊ ጉድጓዶቹን ሊያይ ተመልሶ ኖሮ ኮምቦልቻ ድረስ ሊጠይቃቸው መጣ። ገብረ ማርያም ማሽኑን ሲሞክር አጠገቡ ቆሞ አየ፣ ከዚያ ግራ ገባው። በተሰባበረ አማርኛው ነገራቸው። ከተራራ መውረዱ መጀመሪያ ነው፤ ልጁ ለእናቱ መድኃኒት ፍለጋ ሄዶ ሲመለስ ነው። በጀልባ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ጽሕፈቱም ደብዳቤ አይደለም፣ የሠዓሊዎቹ ስም ዝርዝር ነው።

«ልጁ አይመጣም» አለ ሰውዬው።

ከሪማ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። ስምንት ዓመት! የሰዎችን ስም ደብዳቤ ብላ ስታነብ ኖረች። አፈረች፤ ከእፍረቱ በላይ ግን ያስጨነቃት አልጣሽ ነበረች። ገብረ ማርያም ደግሞ ለሙያው ሟች ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ዛሬ በትክክለኛው ተራ እናሳያለን ብሎ ጥቅሎቹን ማገላበጥ ጀመረ።

«መርዶ በአዳራሽ አይነገርም፣ ጋሼ» አለችው።

ገብረ ማርያም እጁ ቆመ። መርዶ በኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ያውቃል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደጃፍ ላይ ነው። ያውም የሞተ ሲኖር። ጥቅሎቹን መልሶ እንደ ድሮው ደረደራቸው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ከሪማ እንደ ወትሮዋ ተናገረች፣ ጀልባው ሄደ፣ ማዕበሉ ተነሳ። ጽሕፈቱ መውጣት ሲጀምር ግን ድምጿ ጠፋ። ስም ናቸው። እያንዳንዱ የሰው ስም ነው። እንዴት ብላ ታንብበው? ሕዝቡ ጠበቀ፣ አንዳንዱም ማጉረምረም ጀመረ። ይሄኔ ከበሩ በኩል አልጣሽ፣ ያቺ በመሠረተ ትምህርት ሁለቴ የወደቀች ሴት፣ ዓይኗን ከአቡጀዲው ሳትነቅል አነበበች።

«እናቴ ሆይ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል…»

አንዲት ቃል አልሳተችም። «እመጣለሁ» ስትል ልጁ ከተራራው ሲወርድ ታየ፣ እልልታው ቀለጠ። ጃፓናዊው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ሁለቱ ሴቶች አቡጀዲውን በየጫፉ ይዘው ሲያጥፉ፣ ከሪማ እንባዋ መጣ። እትዬ አልጣሽ ይቅር ይበሉኝ፣ አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ አለች። አልጣሽ ግን ጧት አቡጀዲውን ስትሰቅል ከጀርባው ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሯል።

«ማን ያርዳ የቀበረ ይባል የለም ወይ፣ ልጄ» አለች። «የቀበረው ሰው መጥቶ እስኪነግረኝ፣ አንቺ ደብዳቤዬን አንብቢልኝ።»

በ1983 ግንቦት መንግሥት ወደቀ። ማሽኑም ጠፋ፣ ማኅበሩም ተበተነ፤ ሰማያዊ ሻሾቹ የት እንደገቡ እንጃ። በዚያ ሰሞን ወታደሮች ጫማቸው ተበጣጥሶ በደሴ ሲያልፉ፣ አልጣሽ መንገድ ዳር ቆማ ቀለሙን አያችሁት ወይ እያለች ጠየቀች። አየሁት ያለ የለም። ቀበርኩት ያለም የለም።

ከዚያ በኋላ እሑድ ከሰዓት ወደ ከሪማ ቤት መምጣት አመል ሆነባት። ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ስለ ዘይትና ስለ በርበሬ ትንሽ ያወራሉ። ከዚያ አልጣሽ «በይ» ትላለች። ከሪማም ወደ ባዶው ግድግዳ ዞራ፣ ከታች ወደ ላይ እያየች ታነብላታለች። «በሩን አትዝጊ» የሚለው ላይ ስትደርስ አልጣሽም አብራት ትላለች።