«ገባሽ?» የሚለው በር

ከድጃ በር ልትከፍት ተነስታ አታውቅም ነበር። እያንዳንዷ ልጅ የራሷ ቁልፍ ነበራት። የሀና ማርያሙ ግቢ የብረት በር ሲከፈት እንደ በሽተኛ ያቃስታል፤ ያኔ ከበሩ አጠገብ ካለችው ጠባብ ክፍል ድምፅዋ ይመጣል።

«ገባሽ?»

«ገባሁ፣ እትዬ ከድጃ።»

ይኸው ነው። ስም አትጠራም፣ መጋረጃ አትገልጥም፣ የያዘችውን ቢላ እንኳ አታስቀምጥም። ማን እንደገባች ከመልሱ ታውቃለች። ምን ሆና እንደገባችም ከመልሱ ታውቃለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአርሲ ነጌሌ የመጣችው የነርሲንግ ተማሪ ቢሊሱማ ፈተና ወድቃ መጣች። ለማንም ላትናገር ታክሲ ውስጥ ለራሷ ስትምል ነው የመጣችው። «ገባሽ?» ስትባል «ገባሁ!» አለች፤ ሳቅ ቢጤም ጨመረችበት።

«አልገባሽም» አለች ከድጃ ከውስጥ። «ነይ ወደዚህ።»

ቢሊሱማ ይህን ባወራች ቁጥር ትስቃለች። «ትምህርቱ እንዳልገባኝ ማን ነገራት ብዬ ክው አልኩ እኮ!» ትላለች። ከድጃ ግን ትምህርት የሚባል ነገር አላነሳችም። ቂንጬ አቀረበችላትና ፊቷን ወደ ሽንኩርቷ አዞረች። ልጅቷ በላች፣ ቀጥላ አለቀሰች፤ ከድጃም ሽንኩርቱን እየከተፈች አለቀሰች፤ ማን በምን እንዳለቀሰ ሳይጠያየቁ ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ «አልገባሽም፣ ነይ ወደዚህ» የቤቱ ቀልድ ሆነ። ሒሳብ ያቃታትም፣ ፍቅረኛዋ የከዳትም በዚሁ ቃል ትጠራለች።

ቤቱ የከድጃ አልነበረም። ኦቦ ሮበሌ አባታቸው ጤፍ ባረሱበት መሬት ላይ የሠሩት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ከድጃ ባሏ ሲሞትባት ጀሞ ከምትሸጠው ቅመም ጎን ለጎን ቤቱን በሙሉ በቃል ተከራየች፤ ክፍሎቹን ደግሞ ማደሪያ በሌላቸው የግል ኮሌጆች ለሚማሩ ስድስት የክፍለ ሀገር ሴት ልጆች አከራየች። አንድ ልጇ ሲሃም ማኔጅመንት ተማረች። ከተማረች በኋላ የእናቷን ቤት ስታየው ቤት ብቻ ሆኖ አልታያት አለ። አብሯት ከተማረው ከጆኒ ጋር ሆና ስታርትአፕ አሰበች፤ እንዲህ ያለ ቤት አንድ ጀሞ፣ አንድ ሀይሌ ጋርመንት፣ እያለ የሚበዛ።

ከድጃ ሰምታ ሳቀች። «ቤት ማከራየት ደግሞ ትምህርት ሆነ? ታዲያ እኔ ዶክተር ነኛ!»

መስከረም ላይ ሳል ያዛት። ብርድ ነው አለች። ጥቅምት ላይ የቅመሙ አቧራ ነው አለች። ታኅሣሥ ላይ ቀበሯት። ልጆቹ በለቅሶ ቤቱ ፍራሽ ላይ እንደ ሥጋ ዘመድ ተደርድረው ተቀመጡ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ወደዚያች ጠባብ ክፍል ይዞራሉ፣ ከዚያም አንገታቸውን ይደፋሉ።

ኦቦ ሮበሌ ድንኳኑ ሲፈርስ ቆመው አዩ። ከዚያ ሲሃምን ወደ ጥግ ጠሯት።

«ልጄ፣ ልጆቼ ቤቱን እንግዳ ማረፊያ እናድርገው ብለው ይዘውኛል። እኔ ለእናትሽ ቃል ሰጥቼ ስለነበር ዝም አልኩ። አሁን እንግዲህ...»

«ኦቦ ሮበሌ፣ ቃል የእምነት ዕዳ ነው ሲሉ አልነበር እርስዎ ራስዎ?»

«ነው። የእናት የአባት አይደለም ነው ቀሪው።» ሽማግሌው ከዘራቸውን አዩ። «አይወረስም፣ ልጄ። የዓመቱን ቀድመሽ ካመጣሽ ግን በወረቀት እንፈራረማለን። ካልሆነ ተማሪዎቹ ሌላ ቤት ይፈልጉ።»

የዓመት ኪራይ ሊያመጣ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከድጃ ሳትታመም ጆኒ የተመዘገበበት የጀማሪ ድርጅቶች ውድድር ሽልማት። ሲሃም እናቷን በቀበረችበት ጥቁር ሻሽ እንዳለች ሀይሌ ጋርመንት አንድ ካፌ ውስጥ ከጆኒ ፊት ተቀመጠች። ጆኒ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ማኪያቶውን እያቀዘቀዘ፣ ዳኛ ሆኖ ይጠይቃት ጀመር።

«እሺ፣ የተወዳዳሪነት ብልጫችሁ ምንድን ነው?»

«ዋጋ።»

«ጎረቤት ያለው ደላላ ነገ ከአንቺ ዝቅ ያደርጋል። ሌላ?»

«የውሃ ታንከር አለን።»

«ታንከር የሌለው ማን አለ? ሲሁ፣ አትቀልጂ።»

«ዋይፋይ።»

«ከሰዓት ይገባለታል።»

«ለሴቶች ብቻ ነው። ለታክሲ ቅርብ ነው። ጥበቃ...»

«ሰውዬው ‹ለሴቶች ብቻ› ብሎ በር ላይ ይለጥፋል፣ አለቀ።» ጆኒ እያንዳንዱን መልስ እንደ ቁንጫ እየቀጨ ጣለው። መጨረሻ ላይ ወደ ወንበሩ ደገፍ አለ። «አንቺ ልጅ፣ እነዚያ ልጆች እኮ ጀሞ ርካሽ ኮንዶሚኒየም እያለ አንቺ ጋ የቆዩት በታንከር አይደለም። ንገሪኝ፣ በምንድን ነው?»

ሲሃም ታውቃለች። ማለት ግን አልፈለገችም።

«በ‹ገባሽ› ነው» አለ ጆኒ ራሱ።

«እሱማ እናቴ ናት።»

«እኮ!»

«እኮ ምን? ሞታለች እኮ፣ ጆኒ።»

ጆኒ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በሩ ላይ የምትገጠም ትንሽ መሣሪያ እንዳለች፣ በሩ ሲከፈት «ገባሽ?» እንደምትል፣ ልጅቷ «ገባሁ» ስትል ክፍለ ሀገር ባሉት ወላጆቿና በሲሃም ስልክ ላይ አረንጓዴ ምልክት እንደሚበራ ነገራት። «የእሷ ድምፅ ያለሽ አይመስለኝም እንጂ...» አለና ተወው።

ነበራት። ሲሃም ባለፈው ጥቅምት ለአጎቷ ልጅ ሠርግ ወራቤ ስትሄድ ከድጃ በቴሌግራም የላከችላት የድምፅ መልእክት ነው። ቃሉ አንድ ነው። «ገባሽ?» ትላለች፤ ከዚያ ትስላለች፤ ከዚያ ይቋረጣል። ሲሃም ከቀብሩ ወዲህ አልከፈተችውም።

«የለኝም» አለች።

ውድድሩ የዚያኑ ሳምንት ካፌው ባለበት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ነበር። ዳኞቹ ሁለት ናቸው፤ ሄርሜላ የምትባል ብዙ ጀማሪዎችን ያሠለጠነች ሴት፣ እና ጀሞ ላይ ሕንፃዎች ያሉት መሐሙድ። ጆኒ የመጀመሪያውን ስላይድ ከፈተ። በትልቁ «ገባሽ?» ይላል።

«እኔን ነው?» አለ መሐሙድ። «አንደኛ ወንድ ነኝ። ሁለተኛ ገና ምንም ሳትነግሩኝ ምኑ ይገባኛል?»

አዳራሹ ሳቀ። ጆኒም ሳቀ። ከዚያ ስለ ከድጃ ተረከላቸው፤ ጎበዝ ነው፣ ቂንጬውንም ሽንኩርቱንም አልረሳም። ሲሃም የራሷን እናት ከሰው አፍ ስትሰማት፣ ከድጃ ገበያ ላይ እንደተዘረጋ ቅመም መሰለቻት፤ አላፊ አግዳሚው ቆንጠር አድርጎ የሚያሸታት።

ሄርሜላ እስክሪብቶዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች። «ደስ ይላል» አለች። «ግን ስለ ብልጫ ነው የምጠይቃችሁ። ነገ ጎረቤታችሁ አንዲት ሴትዮ ቀጥሮ በር ላይ ‹ገባሽ› ቢያስብልስ? ቃል እኮ የማንም ነው። የማይቀዳው ነገራችሁ የቱ ነው?»

ጆኒ ወደ ሲሃም ዞረ። ሲሃም የስድስቱ ልጆች ፍራሽ በሀና ማርያም መንገድ ዳር ተቆልሎ ታያት፤ የኦቦ ሮበሌ ልጆች የእናቷን ክፍል ግድግዳ ሲያፈርሱ ታያት። ስልኳን አወጣች። መልእክቱን ከፍታ ማይክሮፎኑ ሥር አስጠጋችው።

«ገባሽ?» አለች ከድጃ፣ አዳራሹን ሞልታ። ከዚያም ሳለች።

ማንም አልሳቀም። ሄርሜላ ዓይኗን ጠረግ አደረገች። «ይሄ ነው» አለች። «ይሄ አይቀዳም።»

መሐሙድ ግን ነጋዴ ነው። «ቆይ፣ ሴትዮዋ ውል አላቸው? ነገ ተፎካካሪ የተሻለ ከፍሎ ቢወስዳቸውስ?»

«አይወስዳቸውም» አለ ጆኒ።

«በምን ታውቃለህ?»

ሲሃም መለሰች።

«ሞታለች።»

መሐሙድ «ኢናሊላህ» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ወረቀቱ አጎንብሶ እየጻፈ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «እንግዲያማ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው» አለ። ቀና ብሎም ጨመረ፦ «አሁን ገባኝ።»

አንደኛ ወጡ።

ኦቦ ሮበሌ በወረቀት ፈረሙ። ጆኒ መሣሪያዋን በሩ ላይ ገጠማት። ድምፁን ሲያስተካክለው ሳሉን ቆርጦ አወጣው፤ «ጥራቱን ያበላሸዋል» አለ። ሲሃም አልተከራከረችም። ሳሉ ከስልኳ ላይ አለ። በእናቷ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ አስገብታ ቢሮ አደረገችው።

የመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ሲገቡ ቆም ብለው «ገባሁ፣ እትዬ ከድጃ» ይሉ ነበር። አንዳንዷ በሩን ዳበስ ታደርገዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ስሟን ተዉት። ቀጥሎ ጥርሳቸውን እንደ ነከሱ «ገባሁ» እያሉ ማለፍ ሆነ፤ መሣሪያዋ እንደሆነ ማንኛውንም «ገባሁ» ትቀበላለች። አንዴማ አንዷ ልጅ ውጭ ልታድር ብላ ለጓደኛዋ ቁልፏን ሰጥታት፣ ጓደኛዋ «ገባሁ» ብላላት፣ ሆሳዕና ያለ አባት ልጄ ቤቷ ገባች ብሎ በሰላም ተኝቷል። ጆኒ ይህን ሰምቶ «በሚቀጥለው ይስተካከላል» አለ። የጀሞውን ቤት እያየ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትወርድ፣ በሩ አቃሰተ።

«ገባሽ?»

ሲሃም ከጠረጴዛዋ በመስኮቱ አየች። ቢሊሱማ ናት። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎተታል። በኮሌጁ የዓመቱ ውጤት የሚለጠፈው ያን ቀን እንደሆነ ሲሃም አስታወሰች።

«ገባሁ» አለች ቢሊሱማ። ሳቅ ቢጤም ጨመረችበት።

የሲሃም ስልክ ላይ አረንጓዴው በራ።

ቢሊሱማ ግን አልሄደችም። በሩን ከፍታ እንደያዘች፣ ፊቷን ወደ ጠባቧ ክፍል አድርጋ ቆመች። ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ ለሲሃም ገባት፤ ሁለተኛውን ቃል ነው፣ «አልገባሽም»ን። እሷም ጠበቀች፤ ሞኝነቷን እያወቀች።

በሩ ስላልተዘጋ መሣሪያዋ ሌላ ሰው የመጣ መሰላት።

«ገባሽ?»

«ገባሁ» አለች ቢሊሱማ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ።

አረንጓዴው በራ።

«ገባሽ?»

ቢሊሱማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በሩ ግን አሁንም ክፍት ነው፤ ያ ሳል የሌለው፣ ጤነኛ የሆነ፣ ምንም የማይሰማ ድምፅ እንደገና ጠየቃት። እንደገናም። ሲሃም ወንበሩን ገፍትራ ወጣች። የምትለውን ታውቀዋለች፤ ከእናቷ አፍ ደጋግማ የሰማችው ነው፣ ሦስት ቃል ነው። ግቢው መሀል ስትደርስ ግን የእናቷ ድምፅ ከበሩ ላይ ቀደማት፣ «ገባሽ?» ብሎ፤ ያንን ድምፅ ዝም ከማሰኘት በቀር ሁሉም ነገር ጠፋባት።

«ዝጊው!» ብላ ጮኸች። «በሩን ዝጊው፣ ቢሊሱማ!»

ልጅቷ ደንግጣ ዘጋችው። ድምፁ ተቋረጠ። ቦርሳዋን አንስታ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «ይቅርታ» አለች ለሲሃም፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ለአከራይ እንደሚባለው። ከዚያ ደረጃውን ወጣች።