የሃምሳ ሊትር ማሳ

ኢርሻድ የመስታወቱን ሳጥን በጨርቅ ጠራርጎ ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠው፣ ኤፍራታ መጀመሪያ ያየችው በሩን ነው። ከፊት ለፊት ወደ ጎን የምትንሸራተት፣ ትንሽ እጀታ የተለጠፈባት በር።

«በሯን በምርቃት ነው የሠራሁልሽ» አለ ኢርሻድ፣ በሥራው የረካ ሰው ፊት እያሳየ። «ቦምቦሊኖው ከፊት ይታያል፣ ዝንብ አይገባም፣ እጅሽን እንደ ልብ ታስገቢያለሽ። የት ነው የምትከፍቺው? መናኸሪያው ጋ ከሆነ ወላሂ የመጀመሪያው ደንበኛሽ እኔ ነኝ።»

ስልሳ በሠላሳ በሠላሳ ብላ ልኩን በወረቀት ጽፋ ከመስጠቷ በቀር ለምን እንደፈለገችው አልነገረችውም ነበር። እሱ አልጠየቃትም፤ እሷም ካልተጠየቀች የምትናገር ሰው አይደለችም። «ያምራል» አለች። ሳጥኑን አቅፋ አመስግና ወጣች። አስፋልቱ ዳር ደርሳ ባጃጅ አስቁማ እግሯን ልታስገባ ስትል ግን ልቧ አልሆን አላት፤ ተመለሰች።

«ኢርሻድ፣ ይቅርታ አድርግልኝ… ውሃ ነው የሚገባበት።»

«የት?»

«እዚህ ውስጥ። ውሃ፣ አሸዋ፣ ተክል። ዓሣም።»

ኢርሻድ በሩን አየ፤ እሷን አየ። «እና ዝም ብለሽ ይዘሽው ልትሄጂ ነበር? ሱብሃነላህ! ቤትሽን በጎርፍ ልታስወስጂ!» ሲስቅ ጎረቤቱ ጎሚስታው ሳይቀር ጎማ ጥሎ አንገቱን አወጣ። «ተሳስቻለሁ፣ አንቺ ልጅ፤ በሩን መሥራት የነበረብኝ አፍሽ ላይ ነው።»

በሦስተኛው ቀን በር የሌለው፣ ወፍራም መስታወት የተገጠመለት፣ ጠርዙ በሲሊኮን የታሸገ ሳጥን አስረከባት።

ሳጥኑ ለአባቷ ነበር። አቶ ሣህሌ በግብርና ባለሙያነት ሠላሳ አንድ ዓመት የአርሲን ደጋ ሲዞር ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት፤ አንደበቱም ከ«እ» በቀር አልወጣው አለ። እናቷ ካረፈች ቆይታለች። ስለዚህ የአባቷ ታናሽ እህት አበራሽ ቤቷን ዘግታ ከጢቾ መጣች፤ ኤፍራታ በምትሠራበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ስትውል፣ አበራሽ ወንድሟን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በእውቀቱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ነገር የማይሸፋፍን ወጣት ነው። «ዋናዎቹ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ናቸው» ብሏት ነበር ኮሪደር ላይ። «ያ እጅ ሊመለስ ይችላል። እሳቸው ካልፈለጉ ግን እኔ ጎትቼ አላመጣውም።» ሲናገር ሦስቱ ወር አልፎ ነበር። አባቷ ከአራት ዓርብ ሦስቱን ቀጠሮ ቀርቷል። ጎትተው ቢወስዱትም እጁን እንደ ሰው ዕቃ በእውቀቱ ላይ ጥሎ ዓይኑን ይጨፍናል።

ነገሩ የተጀመረው ሳይታሰብ ነው። ኤፍራታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ ለትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ይሆናል ያለችውን የዓሣና የተክል ገንዳ በካሬ ወረቀት ላይ ትነድፍ ነበር። ሀዋሳ ስትማር የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በሐይቅ ዳር ተክሎች ላይ ነውና ነገሩን ትወደዋለች። ትልቁን ድንጋይ ከመሐል ሳይሆን ወደ ግራ ገፋ አድርጋ አኖረችው። ረጃጅሞቹን ተክሎች ከኋላ አደረገች፤ ከፊት አጫጭሮቹን፤ በመካከላቸው ደግሞ ወደ ኋላ እየጠበበች የምትሄድ የአሸዋ መንገድ፣ ራቅ ያለ አገር እንድትመስል። አባቷ ድንገት ግራ እጁን ዘርግቶ እርሳሱን ከጣቶቿ መነጨቀ። በኋለኛው ረድፍ ላይ ያለውን የእሷን ዝብርቅርቅ ሰርዞ፣ ባልለመደ እጅ ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሰመረ። በየመስመሩም እኩል እኩል እየራቀ ነጥብ ጣለበት።

ገበሬውን ስንት ዓመት «በመስመር ዝሩ» ሲል የኖረ ሰው ነው።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ስንዴ አይደለም» አለችው።

በግማሽ አፉ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

የትምህርት ቤቱን ነገር በዚያው ተወችው። ከዚያ በኋላ ሥራ ስትጨርስ ወረቀቱን ይዛ ትመጣለች፤ እሱም ትራሱን ተደግፎ ይጠብቃታል። ትነድፋለች፣ ይሰርዛል። ይነድፋል፣ ትከራከረዋለች። በስምንተኛው ንድፍ ተስማሙ፦ የኋላው በእሱ መስመር፣ የፊቱ በእሷ ልብ። ድንጋዮቹን ከወንዝ ለቅማ አመጣች። ኖራ ያለበት ድንጋይ ውሃውን እንዳያበላሽ አቼቶ ጠብ ማድረግና አረፋ የሚያወጣውን መጣል ያስፈልግ ነበር፤ ያንን ሥራ ለራሱ ወሰደው። አንድ ቀን አቼቶውን በግራው ሲያንጠባጥብ፣ ድንጋዩ እንዳይንከባለል በቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ደግፎት አየች። ወደ ጓሮ ወጥታ ጥቂት ቆማ ተመለሰች።

«ምን አድርጋችሁላቸው ነው?» አለ በእውቀቱ በዚያው ዓርብ። «ዛሬ ራሳቸው እጃቸውን ሰጡኝ። በዚሁ ይቀጥሉ፣ አደራ። አንድ ሳምንት እንኳ እንዳይቀር።»

ተክሎቹን ለማምጣት ቅዳሜ ከአሰላ ባቱ ወረደች። ከሐይቁ ዳር እንደ ጭራ የሚንዠረገገውን ረጅሙን፣ ሪባን የሚመስለውን፣ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈውን ትንሹን በውሃ በተሞሉ ፌስታሎች ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች።

«ራፉ ነው? ጎመን?» አለ ረዳቱ ፌስታሎቹን ጎንበስ ብሎ እያየ።

«አዎ» አለችው። ይህን ሁሉ ማስረዳት አቃታት።

ብርድ ይችላሉ የተባሉ አምስት ትናንሽ ዓሦችን ከአዳማ አስመጣች። ውሃው ከቧንቧ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ የተጨመረበት ክሎሪን ዓሣ ስለሚገድል፣ እስኪወጣለት ድረስ በርሜሉን ከፍታ ሁለት ቀን አሳደረችው። ምክንያቱን ለአባቷ ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ፤ ከእሷ በፊት ያውቀዋል። ለአክስቷ አልነገረቻትም። አክስቷ አልጠየቀቻትም።

እሑድ ተክሎቹን ተከሉ፣ ዓሦቹንም ለቀቁ። ሳጥኑን አልጋው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ እጅጌውን ጠቅልላለት፣ እሱ ግንዱን በግራው ይዞ በቀኙ ሁለት ጣቶች አሸዋውን ይጠቀጥቃል። ሦስት መስመር፣ እኩል እኩል ርቀት። ሲጨርስ ላቡን ሊጠርግ እርጥብ እጁን በአፉ ላይ አሳለፈው።

«ጋሼ! እጅህን ከአፍህ!» አለች አበራሽ ከበሩ። «የሐይቅ ጭቃ ነው እኮ! ኤፍራታ፣ እያየሽ ዝም ትያለሽ?»

አበራሽ በውሃ ነገር ቀልድ አታውቅም። አተት ገብቶ በነበረ ጊዜ የጢቾን ሰፈር በር በር እያንኳኳች ውሃ ማከም ያስተማረች ሴት ናት። እሷ ባለችበት ቤት ሰላጣ ሳይዘፈዘፍ አይቀርብም፣ ብርጭቆም ሳይለቀለቅ አይነሣም።

ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኤፍራታ ከሥራ ስትመለስ፣ አክስቷ ደስ ብሏት በር ላይ ተቀበለቻት።

«ነይ እስቲ እይው ውሃውን! እንደ መስታወት ሆኖልሻል።»

እውነቷን ነበር። የእሑዱ ድፍርስ የለም፤ ውሃው ጥርት ብሎ የኋለኛው መስመር ሥሩ ድረስ ይታያል። የረጅሙ ተክል ጫፎች ነጥተዋል። አምስቱ ዓሦች ከላይ ናቸው፣ በጎናቸው።

«የውሃ ማከሚያውን መድኃኒት ጨመርኩበት» አለች አበራሽ። «ለሃያ ሊትር አንድ ክዳን ነው፤ ከደፈረሰ ሁለት። ይሄ ሃምሳ ነው ስትሉ ሰምቻለሁ፤ ደፍርሷል፤ አምስት አደረግሁበት። አሁን እጁን ቢልስ እንኳ አልሰጋም። ዓሦቹ ግን ምን ሆነው እንደሆነ እንጃ… የአሰላ ብርድ አልተስማማቸውም መሰለኝ፣ ምስኪኖች።»

ኤፍራታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ጋሼ ደግሞ ዛሬ አስቸገረኝ» ቀጠለች አክስቷ። «መድኃኒቱን ስጨምር አልጋውን በእጁ እየደበደበ እ! እ! ይላል። ጠምቶት ነው ብዬ ውሃ ሰጠሁት፤ ገፍቶ ደፋው። ሸሚዙን ቀየርኩለት። እንደገና እ! እ! እንደገና ሰጠሁት። ሦስት ብርጭቆ አጠጣሁት ስልሽ። ከዚያ በኋላ ነው ዝም ያለው።»

ኤፍራታ ወደ አባቷ ዞረች። ዓይኑ ክፍት ነበር። ከመጀመሪያው ክዳን እስከ አምስተኛው ሲጨመር እያየ ነበር፤ ምን እንደሚሆንም ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላም አልጋው ላይ ሆኖ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት፣ ዓሦቹ አንድ በአንድ ሲገለበጡ አይቷል።

አፏን ከፈተች። አራት ወር ሙሉ ቤቷን ዘግታ ወንድሟን የምታጥብ ሴት ፊቷ ቆማለች፣ እጇን በነጠላዋ እያደረቀች፣ ምስጋናዋን እየጠበቀች።

«ብርዱ ነው» አለች ኤፍራታ።

አባቷ ያን ጊዜ ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሣ።

ልብሷን ሳትቀይር ተክሎቹን ለማዳን ተጣደፈች። ያለው መንገድ ውሃውን ሙሉ በሙሉ መቀየር ብቻ ነበር። ጆጎ ይዛ ወደ በርሜሉ ስትሮጥ አክስቷ ከኋላዋ ተከተለቻት።

«እሱንም አክሜዋለሁ፣ አትስጊ።»

«መቼ?»

«ጠዋት። ክዳኑን ከፍታችሁ ስትተዉት ያንገበግበኝ ነበር።»

ጎረቤቶቹ ጋ ሄደች። አንደኛው ቤት ውሃ አልቋል፤ ሌላው ቤት የቀረችው አንዲት ጀሪካን ለወጥ ናት። ቧንቧው እስከ ዓርብ አይመጣም። ተመልሳ ዓሦቹን በወንፊት አወጣች፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ጓሮ ቀበረቻቸው። ተክሎቹን አልነቀለችም፤ ነቅላ የምታኖርበት ውሃ አልነበራትም። ሐሙስ ሪባኑ እንደ እርጥብ ወረቀት መበጣጠስ ጀመረ፣ ምንጣፉም ነጣ።

ሐሙስ ማታ፣ እራት ሳይቀርብ፣ አዲስ ካሬ ወረቀት ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እንደገና እናቅዳለን። ቅዳሜ ባቱ እሄዳለሁ። አሁን ሦስቱንም መስመር ረጅሙን እናድርገው፣ እንዳልከው። በመስመር።»

እርሳሱን በግራ እጁ ጣቶች መካከል አኖረችለት። ተንከባሎ ወደቀ። አነሣችው፣ እንደገና አኖረችው፣ እንደገና ወደቀ። ለአክስቷ እነግራታለሁ፣ ሁለተኛ አይደርስም ልትለው ፈለገች። አበራሽ ግን እዚያው ሙቅ እያማሰለች ለራሷ ታንጎራጉር ነበርና ተወችው። የአባቷ ዓይን ጣሪያው ላይ ነበር። ቀኝ እጁን ያዘችው፤ ከባድና ቀዝቃዛ ነው፣ ሁለቱም ጣቶች አልጨበጧትም።

ዓርብ ጠዋት ባጃጁ መጥቶ በር ላይ ጡሩምባ ነፋ። አበራሽ ጃኬቱን ዘርግታ በአልጋው አንድ በኩል ቆመች፣ ኤፍራታ በሌላው። አባቷ አልተነሣም። ባለባጃጁ ሁለተኛ ጊዜ ሲነፋ ኤፍራታ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀችውና ብቻውን መለሰችው።