ሲስተሙ አስወጥቶሽ ነው

የኋላሸት አንድ መስመር ኮድ እንኳ መጻፍ አይችልም። አፕ ግን ሠራ! አሰላ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ኢንተርኔት ላይ ከተዘጋጁት ቁልፎችና ሳጥኖች እየመረጠ በጣቱ እየጎተተ ደረደራቸውና፣ ሃያ የክፍሉ ልጆች ከያሉበት ተገናኝተው የሚያጠኑበት አፕ ሆኖ ቁጭ አለ። የክፍሉ ተወካይ የፈተና ቀን ሳይቀር እዚያው ይለጥፍ ጀመር። በዩኒቨርሲቲው የፈጠራ ውድድር ላይ አቅርብ ሲባልማ መሬት አልበቃችውም።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነው። አፑ ስንቱ እንደሚሳተፍ በመቶኛ ያሳያል፤ ዘጠና አምስት ላይ ተገትሮ ቀረ። የቀረችው ዙቤዳ ነች። የት እንዳለች ደግሞ አሳምሮ ያውቃል። ኢተያ፣ ቤተሰቦቿ ጋ። የማጨጃው ኮምባይነር ወረፋ ደርሷቸው፣ ስንዴው ዝናብ ሳይመታው ይሰብሰብ ብለው ጠርተዋታል። አርሲ ተወልዶ ያደገ ልጅ ያ ወረፋ ካለፈ ምን እንደሚመጣ ይጠፋዋል?

እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ስሟን ተጫነ። «ይወገድ?» አለ ስልኩ። «አዎ» አለው። መቶ በመቶ! በኋላ እመልሳታለሁ ብሎ አሰበ፤ አንደኛ ወጣና ረሳት። አይ ሰው!

በዚያው ሳምንት የሐሙሱ ፈተና ወደ ማክሰኞ ተሳበ፤ ማስታወቂያው አፑ ላይ ብቻ ወጣ። ዙቤዳ ረቡዕ ስትመጣ ሠላሳ ማርክ የሚያዝበት ፈተና አልፏል። መምህሩ «እስከ ዓርብ በቂ ምክንያት ካላመጣሽ ዜሮ ነው» አሏት።

«የኋላሸት፣ ከአፑ እንዴት ወጣሁ?» አለችው።

«ሲስተሙ አስወጥቶሽ ነው» አላት፣ እንደ ቢሮ ሠራተኛ። «ሲቀሩበት ያስወጣል።»

«በቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነዋ። ይቅርታ፣ እናንተንም አስቸገርኩ» አለችው።

ይቅርታ ጠየቀችው እኮ! እሱን! ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። እውነቱን ቢናገር ትፈተናለች፤ ግን አንደኛ የወጣው በዚያ መቶ በመቶ ነው። ግቢው ሁሉ መሳቂያ ቢያደርገኝስ ብሎ ፈራ። ሁለቴ እስከ መምህሩ በር ሄዶ ተመለሰ። በራሱ አፈረ፤ እንዲህ ፈሪ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ዙቤዳ ራሷ ፈልጋ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አገኘችው። የተቋጠረ ላስቲክ አቀበለችው። «ጭኮ ነው። እናቴ ናት የላከችልህ።»

በቅቤ የታሸው ገብስ እጁ ላይ ከበደው። ከዚህ በላይ አልቻለም።

«ዙቤዳ፣ ሲስተሙ አይደለም። እኔ ነኝ ያስወጣሁሽ። ለውድድሩ ብዬ። ነይ፣ አሁኑኑ ለመምህሩ እነግራቸዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አለችው። ስልኳን ከፍታ አሳየችው፤ «የኋላሸት ከአፑ አስወግዶዎታል» የሚል ኢሜይል ነው። አፑ እንዲህ ያለ መልእክት እንደሚልክ ሠሪው ራሱ አያውቅም ነበር። «ረቡዕ ማታ ነው ያየሁት። ወላሂ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩህ። ዛሬ ጠዋት ለመምህሩ አሳየኋቸው፤ ሰኞ እፈተናለሁ።»

«ታዲያ ጭኮውን ለምን ሰጠሽኝ?»

«አደራ ነዋ! ለእናቴ የሚያስጠናኝ ልጅ ብዬሃለሁ፤ ያደረግከውን አልነገርኳትም። ስትደውል ወደደው ወይ ማለቷ አይቀርም። ብላውና ንገረኝ።»