ክፍት ነው የተባለው ወፍጮ ቤት

እናቴ ጣሪያው ለፈረሰ ወፍጮ ቤት አምስት ኮከብ ትሰጣለች። የምትሰጠው ስልኳ ላይ ባለው ካርታ ነው። የወፍጮ ቤቱን ምልክት ትነካና መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ በአንድ ጣቷ እየለቀመች አስተያየት ትጽፋለች፦ «አገልግሎቱ መልካም ነው። የባለቤቱን ልጅ ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።»

የባለቤቱ ልጅ ራሷ ናት። ወፍጮ ቤቱ የአያቴ ነበር። ሁለት መንግሥታት የእኔ ነው፣ የእኔ ነው በሚባባሉበት፣ ማንም እንዳይገባ በታጠረ መሬት ውስጥ ቀረ። እናቴ ከአጥሩ ወዲህ፣ ታናሽ ወንድሟ ከአጥሩ ወዲያ ቀሩ። በመካከላቸው የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ፣ መልእክት መላላኪያውም ሁሉ ከታገደ ቆይቷል። ካርታውን ግን ማንም አላገደውም። ሰው በካርታ ያወራል ብሎ የሚጠረጥር ባለሥልጣን ገና አልተወለደም።

አጎቴን ዱቄት ነው የምንለው፤ ልጅ ሳለ ከወፍጮ ቤቱ የሚወጣው ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ነው አሉ። እሱም ከማዶ ይመልሳል። አንድ ጊዜ «ጥሩ ቦታ ነው። የልጅ ልጅ የተወለደችለት ደንበኛ አገኘሁ፤ በእህቱ ስም ሰየማት» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን እናቴ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ስታለቅስ ዋለች። ወደ ማታ ደግሞ ተናደደችበት፤ «ለዚህ ወሬ አራት ኮከብ? ይሄ ቆንቋና!»

ስለ ቦታው ያልሆነ አስተያየት እንደሚሰረዝ ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ ናፍቆታቸውን ሁሉ በወፍጮ ቤቱ ያሳብባሉ።

የሚሰርዘውን መሥሪያ ቤት እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ የምሠራው እዚያ ነው። ሥራችን ለሰዉ እንደየአገሩ ካርታ ማሳየት ነው። ከዚህ ሆኖ የሚከፍተው ወፍጮ ቤቱን ከድንበሩ ወዲህ ያየዋል፣ ከማዶ የሚከፍተው ደግሞ በራሱ በኩል። ሌላ አገር ያለ ሰው የተቆራረጠ መስመር ያይና ሻዩን ይጠጣል። እኔ ሦስቱንም እያገላበጥኩ አያለሁ። ወንዙ ንቅንቅ አይልም፣ ኮረብታውም አይነቃነቅም፤ የሚዘለው መስመሩ ብቻ ነው።

አንድ ደንብ አለን። በሚያጣሉ ቦታዎች ላይ ከሁለቱም ወገን ያሉ ሰዎች አንድ ዓይነት እርማት ከላኩ፣ ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ ያጸድቀዋል። ሲስማሙ ግን አይቼ አላውቅም። ኩሬ ውሃ ይኑረው አይኑረው እንኳ ይጣላሉ።

አንድ ቀን በወፍጮ ቤቱ ስም ላይ ከሁለቱም መንግሥታት አቤቱታ መጣ። አለቃዬ ወንበሩን ወደ እኔ ጎትቶ፣ «ለሁለት ሰንጥቂው» አለኝ። «ለእነዚህም ለእነዚያም የየራሳቸው ይኑራቸው። አስተያየቱም ወደየጸሐፊው ወገን ይሂድ።»

«ሌላ መላ የለም?»

«አለ እንጂ። ‹ለዘለቄታው ተዘግቷል› በይውና ስሙ ከካርታው ይነሳ። የድሮው አስተያየት ይነበባል፣ አዲስ አይቀበልም። ለፍርስራሽ ምን አጨቃጨቀን?» ክፉ ሰው አይደለም። ለእሱ አንዲት ነጥብ ናት።

ቤት ስገባ እናቴ የሰው ቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ትሰፋ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ከሰነጠቅኩት እንደ ልቧ ትጽፋለች፣ እሱ ግን አያየውም። ከዘጋሁት እስካሁን የተባባሉት ለሁለቱም ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው።

«ከሁለት ያጣ ልታደርጉኝ ነዋ» አለች። ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «ለግድግዳ ከማወራስ ያለኝን ይዤ ልቀመጥ። ዝጊው። ግን መጀመሪያ ልንገረው።»

«ወፍጮ ቤቱ ሊዘጋ ነው» ብላ ጻፈች። «ደንበኞች ቅር እንዳይላቸው። የባለቤቱ ልጅ ማንንም አልረሳችም።» አምስት ኮከብ ሰጠች።

በማግስቱ የዱቄት መልስ መጣ። አንድ ኮከብ! «ይህ ወፍጮ ቤት ተዘግቶ አያውቅም። ጎርፍ የመጣ ጊዜ እንኳ አልተዘጋም።»

«ሲናደድ ያው ነው፣ አልተለወጠም» ብላ እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ።

ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ እናቴ የድሮውን እየደጋገመች ታነባለች፣ ለእኔም እንደ አዲስ ታነብልኛለች። ናፍቆት እንዲህ አንድ ቦታ ሲሽከረከር ማየት አንጀት ይበላል።

ብዙም ሳይቆይ ጠረጴዛዬ ላይ ከማዶ የተላከ እርማት ደረሰኝ፦ «ይህ ቦታ ክፍት ነው።» ማን እንደላከው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከአንድ ወገን ብቻ የመጣውን ደንቡ ጣዪው ይላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እኔ ግን በዚያ ምሽት ለእናቴ ጮኽኩ።

«ዱቄት ክፍት ነው እያለ ነው» አልኳት።

መርፌዋን ቀሚሱ ላይ ሰክታ ተነሳች። «የቱ ጋ ነው የሚነካው? አሳዪኝ።»

አሳየኋት። እሷም ክፍት ነው አለች።

ጠዋት አለቃዬ እየጮኸ መጣ፤ «ያንን ወፍጮ ቤት ማነው የከፈተው?»

«ማሽኑ ነው። ከሁለቱም ወገን ተስማሙ።»

«በምን?»

«ክፍት በመሆኑ።»

«ጣሪያ እኮ የለውም!»

«የለውም» አልኩት። አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እኔን አየ። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው። «እሺ፣ አቤቱታው እንደገና እስኪመጣ ይቆይ» ብሎ ሄደ። አቤቱታው ደግሞ መምጣቱ አይቀርም፤ መዝጋቱ ስላልያዘ ያን ጊዜ መሰንጠቁ ነው።

ማታ ይህንኑ ነገርኳት። ስልኩን ይዛ ከዚህ በፊት ነክታው የማታውቀውን፣ መንገድ የሚያሳየውን ምልክት ነካች። ስልኩ ፈለገ፣ ፈለገና፣ «መንገድ አልተገኘም» አለ።

«እማዬ፣ ተዪው በቃ።»

«መንገዱንማ ማን ጠየቀው? ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ» አለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ምን እንዳለች አላሳየችኝም።

ያየሁት ጠዋት፣ ሥራ ቦታ ነው። ማሽኑ በቀይ አስምሮበት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦታል። «ዱቄት፣ ወንድሜ፣ ናፍቀኸኛል። አርጅቻለሁ። ሳልሞት አንድ ጊዜ ደጁ ላይ አብረን ብንቀመጥ ምን ነበረበት።» ኮከብ መስጠቱንም ረስታዋለች። ከሥሩ የማሽኑ ጥያቄ አለ፦ «አስተያየቱ ስለ ቦታው አይመስልም። ይሰረዝ?»

«ስለ ቦታው ነው» ብዬ አሳለፍኩት።