ኮፈኑ ላይ የቀረው ሙጫ

እናንተዬ፣ ካርቶን የሚታሸግበትን ሰፊውን ፕላስተር ታውቁት የለ? እሱን መኪና ቀለም ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ያውም የሰው መኪና ላይ። ማንም አላዘዘኝም፤ እንዲያውም ልጄ ሲሄድ "እማዬ፣ አደራሽን እንዳትነኪያት" ብሎኝ ነበር።

ልጄ ሹፌር ነው። ሁለት ዓመት ሥራ አጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲተኛ እያየሁ ስንት ጊዜ አምላኬን ለመንኩ። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠረው። ሙከራው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከእሱ በፊት የነበረውን ሹፌር በር ጫርክ ብሎ ነው ያባረረው፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። በዚህ ሳምንት ነጋዴው ለሥራ ከአገር ሲወጣ፣ ልጄን ከጭነት መኪና ጋር ሌላ ከተማ ላከው። ልጄ የሚነዳት የነጋዴው ጥቁር መኪና እኔ ግቢ ቀረች።

ሰኞ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ባለፈው ክረምት በረዶ የጎረቤታችንን መኪና እንደ አሮጌ ሳፋ ቀጥቅጧት ነበርና፣ እሱ ትዝ አለኝ። ቤት ያለውን ካርቶን ሁሉ ዘርግቼ ኮፈኗን አለበስኳት፤ ነፋስ እንዳይወስደው ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፍኩት። በረዶው ሳይመጣ ቀረ። እኔም ነገ ይመጣ ይሆናል እያልኩ ተውኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰው ዋለ።

ዓርብ ጠዋት ባለመኪናው ደወለ። "ካሰብኩት ቀድሜ አገር ገብቻለሁ፤ ነገ አራት ሰዓት ላይ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ" አለ።

ወጥቼ ካርቶኑን ሳነሳው ፕላስተሩ ተበጣጥሶ መጣ፤ ሙጫው ግን እዚያው ቀረ። ቢጫ፣ የሚያጣብቅ፣ የአለንጋ ሰንበር የመሰለ ነገር። በውሃ አልኩት፣ በሳሙና አልኩት፤ ወይ ፍንክች። ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ድስት የምፈገፍግበትን ሽቦ አምጥቼ አንዴ ሳብ አደረግኩት። አንዴ ብቻ። ሙጫው እንዳለ ነው፤ አጠገቡ ግን ጣት የሚያህል ነጭ ጭረት ወጣ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ፀጉር ቤት የምትሠራው ሴት ልጄ ከቤት ወጣች። ጭረቱን አየችና ሽቦውን ከእጄ ወሰደችው።

ከጎናችን ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀባ የኖረ ሽማግሌ አለ። ለሁሉም ነገር "ቀስ" ስለሚል ሰፈሩ ጋሽ ቀስ ነው የሚለው። ልጄ ሮጣ ጠራችው።

"ቲነር ልግዛ ጋሼ?" አልኩት።

"ግዢ። ከሙጫው ጋር ቀለሙንም ታወርጂዋለሽ። ይሄን ሽቦ ማን ሰጠሽ?"

"ራሴ ነኝ ያመጣሁት።"

"ድስት መሰለችሽ እንዴ? ሽንኩርቱን ረሳሽው እንግዲህ።"

ልጄ ሳቀች። እኔ ሳቅ ከየት አባቴ ላምጣ።

ከጋሽ ቀስ ጋር መኪናዋን ገፍተን ጥላ ውስጥ አስገባናት። ልጄ የፀጉር ማድረቂያዋን በረጅም ገመድ ሰካች፤ እሱ እጇን ይዞ ራቅ ራቅ እያደረገ ሙጫውን ያስሞቅ ጀመር። "እጅሽን የሚያቃጥልሽ ከሆነ ቀለሙንም ያቃጥለዋል። ቀስ።" ሙጫው ለስለስ ሲል እኔን ጠራኝ። "በጥፍርሽ እንዳይሆን። በአውራ ጣትሽ ሆድ ወደ ራሱ አንከባልይው።" ሳንከባልለው እንደ ማስቲካ እየተጠቀለለ መጣ። እምቢ ያለውን የምግብ ዘይት በለስላሳ ጨርቅ አስነክተን ትንሽ አቆየነውና ጠረግነው። በመጨረሻም ዘይቱን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አጠብነው። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ወገቤ ሳይቀና ዋልኩ። ሙጫው ድራሹ ጠፋ።

"ይሄስ ጋሼ?" አልኩት ጭረቱን እያሳየሁ።

መነጽሩን አውልቆ አየው። "ይሄ ሙጫ አይደለም። ቀለሙ ውስጥ ገብቷል። ዘይት ብትቀቢው ለአንድ ቀን አይታይም፤ ሲታጠብ ይወጣል።"

"አንድ ቀን ይበቃናላ" አለች ልጄ። "ይውሰዳት። ከዚያ የት እንደተጫረች ማን ያውቃል?"

"ፈጣሪ ያውቃል።"

"ፈጣሪ ለወንድሜ ሥራ ይሰጠዋል እማዬ?"

የዘይቱ ጨርቅ እጄ ላይ ነበር። ብዙ ቆሜ አየሁትና ባልዲው ውስጥ ጣልኩት።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ባለመኪናው ረጅም ሰው ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ። ቁልፉን ሳልሰጠው ወደ ኮፈኑ ወሰድኩት። ያደረግኩትን ነገርኩት። ካርቶኑን፣ ፕላስተሩን፣ ሽቦውን፣ ሁሉንም። "ልጄ የለበትም ጌታዬ። እንዳትነኪ ብሎኝ ነበር።"

ጎንበስ ብሎ ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰው። ቀና ሲል መኪናዋን ትቶ እኔን ነው ያየኝ።

"ልጅዎ ትናንት ማታ ደውሎልኛል" አለ። "ከመሄዴ በፊት ሳጥባት ጫርኳት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለኝ።"

ወደ ሴት ልጄ ዞርኩ። አቀርቅራለች። ለካ ለወንድሟ ደውላ ነግራዋለች፤ እሱ ደግሞ ለኔ ብሎ ተሸከመው።

"የትኛችሁን ልመን?"

"እኔን" አልኩ። "እሱ ለኔ ብሎ ነው።"

"ለእርስዎ ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል እናቴ። ግን ዋሽቶኛል።" ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ ገባና ሞተር አስነሳ። "ሰኞ ሁለት ሰዓት ቢሮዬ ይምጣ።"

"ምን ሊሉት ነው ጌታዬ?"

"ይምጣ" አለና መስኮቱን ዘጋ።

ለልጄ ደወልኩለት። "ምን አልሽው እማዬ?" አለኝ። "እውነቱን። ሰኞ ሁለት ሰዓት ቢሮዬ ይምጣ ብሎሃል" አልኩት። "እሺ፣ እመጣለሁ" ብሎ ዘጋው።

ይሄው ዛሬ እሑድ ነው። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ልጄ ይተርፍ ነበር ወይ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ፤ ጸሎት ስጀምርም እሱው ይመጣብኛል። እባካችሁ፣ ነገ ሁለት ሰዓት ሲሆን የያዛችሁትን ሥራ ለአፍታ ተዉትና ለልጄ ጸልዩልኝ።